የመልሱን ንገሪኝ

መኪናው ደጃችን ላይ ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ ነው ነገሩ የገባኝ። የዛሬ ሾፌር ለማንም ብሎ ሞተር አያጠፋም። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ "እማማ ዘነቡ፣ ዕቃ ተልኮልዎታል!" ብሎ ይጮሃል፣ ዕቃውን ያወርዳል፣ አቧራውን አልብሶኝ ይሄዳል። ያን ለት ግን ሞተሩ ጠፋ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና ሾፌሩ ወርዶ መሬት መሬት እያየ ፊቴ ቆመ።

"ማን ነው?" አልኩት። ደህና ነው ወይ አላልኩም፤ ደህና እንዳልሆነማ አውቄያለሁ።

"ሃምሳ አለቃ ይመር ናቸው። ትናንት ነገሌ ተቀበሩ።"

እኔ ፊልቱ ልጄ ዘንድ ነበርኩ። አንድ ቦታ መቀመጥ የማላውቅበት ሴት ነኝ። ዕድሜዬን ከነገሌ ፊልቱ፣ ከነገሌ ሞያሌ እያልኩ ሰንደል ጫማና ጆግ፣ ሻይ ቅጠልና ስኳር ስነግድ ኖርኩ። አሁን ንግዱ ቢቀርም እግሬ አልቀረም፤ ከልጅ ልጅ ቤት ወደ ጎረቤት ለቅሶ እንዲሁ እዞራለሁ። በዚያው መኪና ተሳፍሬ ወደ ነገሌ ተነሳሁ። መንገዱን ሁሉ ሾፌሩ ያወራል፣ እኔ የማዳምጠው ሞተሩን ነበር። ሞተር ማዳመጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ተማሪ ቤት ደጁን አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት አርጅቼ፣ ከልጅ ልጄ ደብተር ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ ወዲያ ወዲህ ቢልብኝ አትፍረዱብኝ። ግን ስለ እሳቸው መጻፍ አለብኝ። ብዙ ዓመት ሳልናገረው የቆየሁት ነገር አለ።

ሃምሳ አለቃ ይመር ወሎዬ ናቸው። ነገሌ የመጡት የጦሩን መኪና እየነዱ ነው። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን ጓደኞቻቸው እንደምንም ብለው አገራቸው ገቡ። እሳቸው ግን ሎኮን አግብተው ነበርና ቀሩ። ሎኮ የሊበን ቦረና ልጅ ናት፤ ከብቷን ትታ ወሎ የምትገባ ሴት አልነበረችም። ወታደርነቱ ሲያበቃ ማዕረጉ ስማቸው ላይ ቀረ፣ የሱፍ ቆባቸው ደግሞ ራሳቸው ላይ። በዚያ የቆላ ሙቀት የሱፍ ቆብ!

"አይሞቅዎትም ወይ?" ሲባሉ፣ "የውጭው ሙቀት እንዳይገባብኝ ነው" ይላሉ። ቀልዳቸው ይሁን የእውነታቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

የአንድ ነጋዴ አይሱዙ ይነዱ ነበር። ወደ ፊልቱ ሲወርዱ ዱቄትና ፓስታ፣ ሲመለሱ ፍየል። እኔ ከነቅርጫቴ ጋቢና እሳፈራለሁ። ከመነሳታቸው በፊት በመኪናው ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ጎማውን በዱላ መታ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ያቀርባሉ። ናፍጣውንም የሚለኩት በዚያው ዱላ ነው። የመኪናው የናፍጣ መለኪያ ጌጅ ከሞተ ቆይቷል። የናፍጣውን ሆድ ክዳን ከፍተው ዱላውን ይከቱና እስከ የት እንደረጠበ አይተው በሰንጢ ጫር ያደርጉታል። የዚያ ዱላ ገላ በሙሉ ጭረት ነበር። እሳቸው ግን የትኛው ጭረት የየትኛው መንገድ እንደሆነ ያውቃሉ። እኔ ያኔ ማንበብ ስለማልችል፣ ከሰው ሁሉ ጋር በዚያ ዱላ እኩል እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበራቸው። መንገድ ላይ ሽማግሌ ሲያገኙ፣ ወይም ከፊት የሚያውቁት መኪና ሲመጣ፣ ያቆማሉ። ማቆም ብቻም አይደለም፣ ሞተሩን ያጠፋሉ። ቦረና ዘንድ ሰላምታ እንደ እኛ ከተሜዎች እጅ ውልብ ተደርጎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስለ ሰዉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ አንድ በአንድ ይጠያየቃሉ። መጠየቂያው አካም፣ እንዴት ነው ማለት ነው፤ ለሁሉም መልሱ "ናጋ" ነው፤ ሰላም ነው ማለት ነው። ከብቱ አልቆ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ "ናጋ" ነው የሚባለው፣ ክፉው ወሬ ከኋላ ይመጣል። ሰላምታ የነፈገህ ሰው ከሰላሙ አስወጥቶሃል። ይመር ይህንን ከሎኮ ወገኖች ተምረው ከእነሱም አብልጠው ያዙት።

ሾፌሮቹ ይስቁባቸዋል። ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ፣ "ሃምሳ አለቃ፣ በየሽማግሌው ሞተር እያጠፉ ማስነሳቱ ስንት ናፍጣ እንደሚበላ ያውቃሉ?" ቢላቸው፣

"ለሰላምታ የወጣ ናፍጣ አይቆጠርም" አሉ። "ሞተር እየጮኸ 'ናጋ' ብትለው ደግሞ ውሸት ነው። ራስህም አልሰማኸው።"

አሁን ወደ ማግኔቱ ልምጣ።

ሞያሌ ገበያ አፉ ቅቤ የሆነ አንድ ነጋዴ ነበር። ሁለት ጥቁር ማግኔት አወጣና አሳየኝ። የናፍጣው ቱቦ ላይ ግራና ቀኝ ይታሰራል አለኝ። ናፍጣው በመካከሉ ሲያልፍ እንደ ፀጉር ይበጠራል፣ የተበጠረ ናፍጣ ደግሞ አንዲት ጠብታ ሳትባክን ይነዳል። እኔም ፀጉር የማውቅ ሴት ነኝ፤ የተበጠረ ፀጉር ትንሽ ቅቤ እንደሚበቃው አውቃለሁና አመንኩት። ቅርጫቴን ሞልቼ ነገሌ ገባሁ። ሾፌሮቹ "ቆጣቢ" አሉት።

መጀመሪያ የወሰደው ጉዮ ነው። ጉዮ ያን ጊዜ ወጣት ሾፌር ነበር፣ የሊበን ገጠር ልጅ፣ ሳቂታ፤ ሲስቅ ጋቢናው ይናወጣል። ማግኔቱን አሰረ፣ ነገሌ ናፍጣውን ሞላ፣ ፊልቱ ሲደርስ ዱላ ከተተ። በደርሶ መልስ ስንት እንደሚበላ ያውቃል፤ ያንን ለሁለት ከፈለና ያን ለት ከበላው ጋር አስተያየው። ብዙ ተርፎታል! ከዚያ ወደ ዶሎ ጭነት አገኘ፣ በበርሜል የሚሸጥ ናፍጣ ጨመረበትና ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ስንት በላ ስንት ተረፈ የሚያውቅ የለም። በሳምንቱ ነገሌ ሻይ ቤት ገብቶ፣ "አዴ ዘነቡ! እግዜር ይስጥልን! መኪናዬ ጾም ያዘች!" ብሎ ጮኸ። አዴ በእነሱ አፍ እናት፣ እትዬ እንደማለት ነው።

ያን ሳምንት ቅርጫቴ ተጋመሰ። ሁሉም ማግኔቱን ያስራል፣ ሁሉም ፊልቱ ሲደርስ ዱላ ይከታል፣ ሁሉም ይደሰታል። ያልወሰዱት ይመር ብቻ ናቸው።

"ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎስ?" አልኳቸው።

"ፊልቱ ቁልቁለት ነው እኮ፣ ዘነቡ።"

"ኧረ ምን ቁልቁለት! ሜዳ ለሜዳ አይደለም ወይ የምንሄደው?"

"ዓይን ሜዳ ይላል። ሞተሩን ስሚው። ነገሌ ስታድሪ ብርድ ልብስ ትለብሻለሽ፣ ፊልቱ ስታድሪ ነጠላውንም ገፍተሽ ትጥያለሽ። ለምን መሰለሽ? ስለወረድሽ ነው። ቁልቁለትማ ድንጋይም ያለ ናፍጣ ይሄዳል።" ቆባቸውን አስተካከሉ። "የቁልቁለቱን አትንገሪኝ። የመልሱን ንገሪኝ።"

ይቺ ቃል የእሳቸው ነበረች። ሱቅ የከፈተ ሰው ገበያው ደራልኝ ቢላቸው፣ ልጁ ከተማ ሥራ የገባለት ሰው ቢፎክር፣ "ጎሽ፣ የመልሱን ደግሞ ትነግረኛለህ" ይላሉ። ክፋት የለበትም፤ ቀስ ብለው ነው የሚሉት።

እኔ ግን ከፋኝ። ዕቃዬን አጣጣሉብኝ ብዬ ተቀየምኩ። እሳቸውም አወቁብኝ መሰለኝ፣ "አብሽሪ፣ አንዱን ስጪኝ፣ ደርሶ መልስ እናየዋለን" አሉ።

ማለዳ ገና ሳይሞቅ እስከ አፉ ሞሉት። "ናፍጣም እንደ ሰው ፀሐይ ሲመታው ያብጣል፤ ሁልጊዜ በብርዱ ነው የሚለካ" አሉኝ። ፊልቱ ደርሰን ዱቄቱን አራግፈን ፍየል ጫንን፣ አንድ ጠብታ ሳይጨመር ተመለስን። ነገሌ አድረን በማለዳ ዱላውን ከተቱ። ከወትሮው ጥቂት ተርፎ ተገኘ። የጉዮን ያህል አይደለም፣ ግን ተርፏል። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ይመር ዱላውን እያገላበጡ አዩት።

"ምነው? ዓይንዎ እያየ!"

"እግሬን አላመንኩትም" አሉ። "ማግኔቱ እንዳለ እያወቅሁ ነበር የነዳሁት። ሰው ሲያየው የሚጸልይ ሰው አታውቂም? እግሬም እንደሱ ሆኗል። ዳገት ላይ አልረገጥኩም፣ ጉድጓዱን ከሩቅ አይቼ ለቀቅሁ። ይኼ ሰልፍ ላይ ያለ ወታደር እግር ነው እንጂ የእኔ አይደለም።"

ከዚያ ያሉኝን ነገር እስክሞት አልረሳውም። "አንቺ እሰሪው። ሲያሻሽ እሰሪው፣ ሲያሻሽ ፍቺው። አስረሽም ሆነ ፈተሽ ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልይው፣ እኔ እንዳላውቀው። አራት ጊዜ ደርሰን እንመለስ። መጨረሻ ላይ ብቻ ትነግሪኛለሽ።"

ሻይ ቤት ይህ ሲሰማ ሳቁ ደመቀ። ጉዮ፣ "ሃምሳ አለቃ፣ ጅብን የሥጋ ጠባቂ አደረጉት እኮ! ሻጯ እሷ፣ አሳሪዋ እሷ!" አለ።

"ዘነቡ አትዋሽም" አሉ ይመር። "ብትዋሽም ፊቷ አይችልበትም። እሱ ነው የቸገረኝ፣ ፊቷ ያወራል። ስለዚህ በነጠላ ትሸፈናለች።"

በእውነትም ተሸፈንኩ። አራት ደርሶ መልስ፣ ከነገሌ ፊልቱ፣ በዚያ አቧራ፣ እንደ ሙሽራ ተሸፍኜ ጋቢና ተቀመጥኩ። ኬላ ላይ ያሉት ጠባቂዎች "ሃምሳ አለቃ፣ ማንን ጠልፈው ነው?" ይላሉ። እኔ ከውስጥ በሳቅ እፈርሳለሁ። እንዳልረሳ ደግሞ ማግኔቱን ባሰርኩ ቁጥር የነጠላዬን ዘርፍ ቋጠርኩ፤ ባላሰርኩ ቁጥር አንዱን ዘርፍ ዘልዬ ተውኩ። ይመር በበኩላቸው ዱላው ላይ ይጭራሉ። ፍየሎቹን ቆጥረው በልክ ያስጭናሉ፣ "ፍየል ግን መንገድ ለመንገድ ስለምትቀል ልክ አትሆንም" እያሉ ይስቃሉ።

አራተኛው ሲያልቅ የሎኮ በር ላይ ተቀመጥን። እኔ ነጠላዬን ዘረጋሁ፣ እሳቸው ዱላቸውን አጋደሙ። መጀመሪያ አስሬ፣ ቀጥሎ ፈትቼ፣ ሦስተኛም ፈትቼ፣ መጨረሻ አስሬ ነበር። ጭረቶቹ ከጥፍር ስፋት በማይበልጥ ቦታ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው ማግኔት የሌለው ሦስተኛው ነበር። አራቱም ግን ከድሮው የይመር ጭረት ይሻሉ ነበር።

"አየሽ?" አሉ። "ታስሯል አልታሰረም ስለማላውቅ አራቱንም ጊዜ ተጠንቅቄ ነዳሁ። ቆጣቢው እግሬ ነው። ማግኔቱ ያደረገው እግሬን ማስፈራራት ብቻ ነው።" የኔን ፊት አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺ አታለሽ አልሸጥሽም። አምነሽ ነው የሸጥሽው። አሁን ግን አውቀሻል። አንቺው ንገሪያቸው። እኔ ብናገር ሽማግሌ አዲስ ነገር ይጠላል ይሉኛል። የራሷን ዕቃ የምታጣጥል ነጋዴ ግን ትታመናለች።"

"ነገ እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

ነገ ገበያ ነበር። በማግስቱ ራሴን አመመኝ፤ ማለቴ፣ አመመኝ አልኩ። ከዚያ ጉዮ እስኪመጣ፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ እስኪገኙ ልጠብቅ አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ሳቁን ፈራሁት። ነገሌ ውስጥ የነበረኝ ሀብት "ዘነቡ ቃሏ አንድ ነው" የሚለው ነበር። ያንን በአፌ ላፈርሰው አልቻልኩም። እንዲህ እያልኩ አምስት ቀን ሄደ።

ያ ዓመት የሃጋያ ዝናብ የቀረበት ነበር። ሃጋያ በመጸው የሚመጣው ትንሹ ዝናባችን ነው። ኩሬው ደርቆ ወደ ቆላው መንደሮች ውሃ በቦቴ ይወሰድ ጀመር፤ ጉዮም የአንዱ ቦቴ ሾፌር ሆነ፣ ቆጣቢውንም ፈትቶ ወደ ቦቴው አዛወረ። መጀመሪያ የሚደርሰው ለተወለደበት መንደር ስለነበር ደስ ብሎታል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ማደያው አጠገብ አገኘሁት። ቦቴው ሞልቷል። ጉዮ ከጎኑ የታሰረውን የመጠባበቂያ ናፍጣ ጀሪካን ፈትቶ እያወረደ፣ በቦታው አንድ ጆንያ ማሽላ ያስራል።

"ለማን ነው?" አልኩት።

"ለእናቴ ነው፣ አዴ ዘነቡ።"

"ጀሪካኑስ?"

"ቆጣቢዎ እያለ ጀሪካን ምን ያደርግልኛል?" ብሎ ሳቀ።

አፌ ድረስ መጣ። እዚህ፣ ጥርሴ ድረስ። ዙሪያውን ሰው ቆሟል፣ ጉዮ እየሳቀ ነው፣ ፀሐዩም ወጥቷል። ፈገግ አልኩና "በሰላም ግባ" አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደጄ ላይ መኪና ቆመ፣ ሞተሩም ጠፋ። ይመር ናቸው።

"ጉዮ አልተመለሰም። ቦቴውን ያየ የለም። ነግረሽዋል?"

ራሴን ነቀነቅኩ። አልነገርኩትም። እሳቸውም ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ጭነው ነበር፣ ማሰሪያውን እንደገና አጠበቁና ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት ሁለቱም ተመለሱ። ቦቴው ውሃ እንደሞላ አሸዋ መሀል ናፍጣ ጨርሶ ቆሞ ነው ያገኙት። አሸዋ ላይ መኪና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚሄድ፣ ናፍጣ እንደ ውሃ ይጠጣል። ናፍጣ ሲያልቅ ደግሞ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፤ ናፍጣ ቢጨምሩለትም አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ አይነሳም። ጉዮ በእግሩ መንደር ድረስ ሄዶ ተናግሮ ነበር። መራመድ የቻለው ከብት ተነድቶ ወደ ቦቴው መጣ፣ ሴቶቹም በአህያ ቀዱ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። መራመድ ያልቻሉ ሦስት ጥጆች ግን ባዶው ገንዳ አጠገብ ሞቱ። ሁለቱ የጉዮ እናት ነበሩ።

ይመር ይህን ሲነግሩኝ ቆባቸው እጃቸው ላይ ነበር። "እንግዲህ ስለ ማግኔቱ ንገሪያቸው" ብቻ አሉኝ።

ያንኑ ለት ሻይ ቤት ገባሁና ተናገርኩ። ይህ ነገር አይሠራም፣ ሃምሳ አለቃና እኔ አራት ጊዜ ሞክረነዋል፣ የወሰዳችሁትን መልሱ እኔም የወሰድኩትን እመልሳለሁ አልኩ። የፈራሁት ሳቅ አልመጣም። አንዱ "አይ ዘነቡ፣ አንቺንም ሸወዱሽ?" አለኝ፣ በቃ። ማግኔቶቹን እንኳ አልጣሏቸውም፤ የሻይ ቤቷ ብረት በር ላይ ተለጥፈው ለብዙ ጊዜ ቁልፍ ተንጠለጠለባቸው። ሙከራው መቼ እንዳለቀ፣ እውነቱን ከመቼ ጀምሮ እንዳወቅኩ ግን አልተናገርኩም። የጠየቀኝም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሆነ፤ ያን ጊዜ ያልገባኝ። ጉዮ ይመርን ሰላም ማለት ተወ። ከእኔ ጋር እንደ ድሮው ነው፣ "አዴ ዘነቡ፣ ናጋ?" ይለኛል። ይመርን ግን እንዳላየ ያልፋቸዋል። መንገድ ላይ የጉዮ መኪና ከሩቅ ሲመጣ ይመር ዳር ይይዛሉ፣ ያቆማሉ፣ ሞተር ያጠፋሉ፣ ክንዳቸውን በመስኮቱ አውጥተው ይጠብቃሉ። ጉዮ አቧራውን አልብሶን ያልፋል። ይመር ትንሽ ይቀመጡና ያስነሳሉ።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ቸኩሎ ነው።"

በሌላ ጊዜም አቆሙ፣ በሌላ ጊዜም አለፈ። ዓመት ሄደ፣ ሌላ ዓመት መጣ፣ ሰውየው ማቆም አይተዉም።

"ሃምሳ አለቃ፣ ኧረ ናፍጣው!" ብላቸው፣

"አይቆጠርም ብዬሻለሁ" አሉኝ።

እኔ በጭነት ተጣልተው ይሆናል አልኩ። ሾፌር በጭነት ይጣላል። ከዚያ በላይ አላሰብኩም። ማሰብ አልፈለግኩም ብል ይሻላል።

ዓይናቸው ሲደክም መንዳት ተዉ። መናኸሪያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ቆቡ ራሳቸው ላይ፣ ዱላው እጃቸው ላይ፤ ዱላው ያን ጊዜ መመርኮዣ ሆኗል። ናፍጣ እየጠፋ፣ ሰልፉ እየረዘመ ሲሄድ ቆጣቢውም በየዓይነቱ መጣ። ናፍጣ ውስጥ የሚሟሟ ኪኒን ያመጣ ነበረ፣ ጋቢና ተሰክቶ አረንጓዴ መብራት የሚያበራ ነገር ያመጣ ነበረ፣ በስልክ ላይ አይቶ ያዘዘም ነበረ። ይዘውላቸው ይመጣሉ። እሳቸው አያጣጥሉም። ተቀብለው ያገላብጣሉ፣ መብራቱን አይተው "ያምራል" ይላሉ። ከዚያ "ማን አሰረልህ? የት ድረስ ሄድክበት? የመልሱንስ?" ይላሉ። ጎማህን ንፋስ ሙላ፣ ፊልትሮህን አጽዳ፣ እግርህን አቅልል፣ ጀሪካንህን አትርሳ። ያላቸው ምክር ይኸው ነበር፤ ነጻ ስለሆነ ብዙ ሰው አይወስደውም።

ለቅሶ ቤት የደረስኩት ለማታ ሲል ነው። ሎኮን አቅፌ አለቀስኩ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ድንኳኑ በሾፌር ተሞልቷል። ጉዮም ነበር፣ ከሞያሌ ገና መድረሱ ነው፣ ቀብሩ አልፎታል። ቢኳረፉም ለቅሶ አይቀርም። ከመግቢያው አጠገብ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። ጢሙ ሸብቷል፤ ያ ሳቁም ከሄደ ቆይቷል።

እንደ ለቅሶ ቤት ወግ የሟቹ ጨዋታ ተነሳ። የሱፍ ቆቡ ተነሳ፣ የሰላምታው ነገር ተነሳ። አንዱ ሽማግሌ ሾፌር የማግኔቱን አወራ፤ እኔ እንደ ሙሽራ ተሸፍኜ መሄዴን ሲናገር ሎኮ ራሷ ሳቀች። "የሚያሳዝነው" አለ ሲጨርስ፣ "የጉዮ ቦቴ የቆመው ነው። ያን ጊዜ ውሸት መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?"

ጉዮ መሬት መሬት ያያል።

"እኔ አውቅ ነበር" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ነጠላዬን ከፊቴ ላይ አነሳሁ። ፊቴ እንደሚያወራ እሳቸው ተናግረዋል፣ እንግዲህ ያውራ አልኩ። "ሙከራው ቦቴው ከመነሳቱ አምስት ቀን በፊት አልቋል። ሃምሳ አለቃ ንገሪያቸው ብለውኝ ነበር። እኔ ነገ ነገ አልኩ። ጉዮ ጀሪካኑን ሲያወርድ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ስቄ ሸኘሁት።"

ጉዮ ከመሬቱ ቀና አለ። ሲናገር ድምፁ ቀስ ያለ ነበር።

"ያን ለት አሸዋው ላይ ሃምሳ አለቃ ከቱቦው አየሩን እያስወጡ ነበር። እኔ እጮሃለሁ። 'ይኼ ነገር ውሸት መሆኑን ማን ያውቅ ነበር!' አልኩ። ቀና አሉና 'እኔ አውቅ ነበር' አሉኝ። 'ከመቼ ጀምሮ?' አልኳቸው። 'ከመነሳትህ ከአምስት ቀን በፊት' አሉ። 'ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?' አልኩ። 'ዘገየሁ' አሉ። በቃ፣ ይቺን ብቻ። የእርስዎን ስም አላነሱም፣ አዴ ዘነቡ።"

እኔም የማውቀው መስሎኝ የማላውቀው ይህንን ነበር።

አልዋሹትም። ያወቁት ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ነው፣ መናገርም ይችሉ ነበር፣ ዘግይተዋልም። ከእውነቱ ውስጥ የእኔን ድርሻ ብቻ አውጥተው ጎናቸው አስቀመጡት። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ አቧራ፣ ለእኔ የሚገባውን ኩርፊያ እየተቀበሉ ሞተር ሲያጠፉ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ናፍጣው እጨቀጭቃቸው ነበር።

ጉዮ ተነሳና ወጣ። ሄደ ብዬ ነበር። ተመልሶ በድንኳኑ በር አንገቱን አስገባ። "መቃብሩን ያሳዩኛል?" አለኝ።

"እኔም አላየሁትም። አብረን እንፈልገዋለን" አልኩት።

በእሱ መኪና ሄድን። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ መንገዱ ላይ ከብት ይገባል። መንገዱን ሁሉ አላናገረኝም፤ እኔም ይቅር በለኝ አላልኩትም፣ ሰዓቱ የእኔ አልነበረም። የመቃብር ቦታው ዳር ስንደርስ አቆመ። አዲሱ አፈር ከሩቅ ይታያል፣ የነገሌ አፈር ቀይ ነው።

ጉዮ መሪውን እንደያዘ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።

ወርዶ መቃብሩ ፊት ቆመ። "ናጋ?" አለ። ሰው እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቀ። "አካም? ናጋ?" ብሎ ቀጠለ፤ ስለ ሰዉ ጠየቀ፣ ስለ ከብቱ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡም ስለ ግጦሹም፣ አንዱንም ሳይዘል፣ በየመካከሉ እየጠበቀ። እኔ ከኋላው ቆሜ በእሳቸው ፈንታ "ናጋ" እያልኩ መለስኩለት።